ምልክት ሁሉ እድፍ አይደለም

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሁለት አሮጌ ስፒከሮች ነው። ግጥምና ልብ ወለድ ለሚወድ ሰው ስለ ስፒከር አጸዳድ መጻፍ ምን የሚሉት ነገር ነው ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ጥቂት ታገሡኝ። ከእነዚህ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች አንዱን በገዛ እጄ አበላሽቼዋለሁ፤ ያበላሸሁትም እጅግ ወድጄው፣ ቀኑን ሙሉ ደክሜበት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በከፊል ኑዛዜ፣ በከፊል ሙግት ነው። ኑዛዜው የእኔ ነው፤ ሙግቱ ግን ሁላችንንም የሚመለከት ይመስለኛል።

ስፒከሮቹን የገዛቸው አባቴ ነው። ሲገዛቸውም አዲስ አልነበሩም። ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ቤት፣ ከነሸክላ ማጫወቻቸውና ከነሬዲዮአቸው ገዝቶ ቀራንዮ ድረስ አስመጣቸው። ያን ጊዜ ቀራንዮ ዛሬ የምናውቀው ሰፈር አልነበረም። ከከተማው ዳር ያለ፣ ባሕር ዛፉ የበዛ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ የሚያስጥል አገር ነበር። በዚያ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ በኖራ በተቀባው ግድግዳ ሥር፣ ሁለቱ ቡናማ ሳጥኖች እንደ ተከበሩ እንግዶች ጎን ለጎን ተቀመጡ።

እናቴ ወዲያው ዳንቴል ሠራችላቸው። የዚያን ዘመን ቤት የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሬዲዮም ሆነ ቴፕ፣ ኋላም ቴሌቪዥን፣ ያለ ዳንቴል ራቁቱን አይቀመጥም ነበር። አባቴ ደግሞ ማታ ማታ የዳንቴሉን ጫፍ ገለጥ አድርጎ የቡና ስኒውን በቀኙ ስፒከር ላይ ያስቀምጣል። እናቴ ትቆጣለች፤ እርሱ «እሺ» ይላል፤ በማግሥቱ መልሶ ያስቀምጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከዓመታት በኋላ በእንጨቱ ላይ አንድ ነጭ ክብ ወጣ።

አባቴ ስኒውን ይዞ የሚቀመጠው ለሬዲዮ ነበር። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ በቤታችን ቃል የሚተነፍስ አልነበረም። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እናቴ ግን አንብባው አታውቅም፤ ፊደል አልቆጠረችም። ሰብለ ወንጌልን የተዋወቀቻት፣ ለበዛብህም ያለቀሰችው በእነዚያ ሁለት ሳጥኖች በኩል ነው። እኛ ቤት መጽሐፍ ማለት ድምፅ ነበር፤ ድምፁም የሚወጣው ከእንጨት ውስጥ ነበር።

አባቴ ካረፈ በኋላ ስፒከሮቹ ዝም አሉ። ሲዲ መጣ፣ አለፈ፤ ኋላም ስልክ ሁሉን ዋጠው። እነርሱ ከጓዳ፣ ከጤፍ ጆንያው ጀርባ ገቡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው፣ እናቴን ላስደስት ብዬ አወጣኋቸው። አቧራና ጥቀርሻ ለብሰዋል። የቀኙ ላይ ያ ነጭ ክብ አለ። ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ ገዝቼ፣ እናቴ ዘመድ ጥየቃ በሄደችበት ቀን ግቢ ውስጥ ተቀምጬ የቀኙን መፋቅ ጀመርኩ። ክቡ አልለቅ ሲለኝ ጨክኜ ፋቅሁት። ክቡ ጠፋ። ከክቡ ጋር ግን የእንጨቱ መልክም ጠፋ፤ ከሥሩ በሙጫ የተጋገረ የእንጨት ፍርፋሪ፣ ችፑድ የምንለው፣ ግራጫ ሆኖ ብቅ አለ።

ጎረቤታችን ያሉ አንድ አዛውንት አናጢ የፍቅፋቂውን ድምፅ ሰምተው መጡ። ሳጥኑን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ።

«ልጄ፣ እንጨቱ ያለው ፊት ይኼ ብቻ ነበር እኮ» አሉኝ።

«አላወቅሁም፣ ጋሼ።»

«ካላወቅህ ታዲያ ምን አስቸኮለህ?»

በዚያን ቀን ከእርሳቸው የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የአብዛኞቹ አሮጌ ስፒከሮች ሳጥን አንድ ወጥ ጣውላ አይደለም። ውስጡ ችፑድ ወይም ኮምፖርሳቶ ነው፤ ላዩ ላይ ከዋልነት፣ ከቲክ ወይም ከሌላ ውድ እንጨት በስሱ የተላጠ ልባስ ተለጥፎበታል። የልባሱ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነም ብዙ ነው። ይህ ገዢን ለማታለል የተሠራ ነገር አይደለም። ወጥ ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም፤ ተጋግሮ የተሠራው ሰሌዳ ግን ቅርጹን ይጠብቃል፣ አላስፈላጊ ንዝረትንም ያፍናል። ስለዚህ ውበቱ ከላይ ነው፤ ያውም ስስ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የሚፋቅ ሰው ስንት ጊዜ መፋቅ እንደቀረው ሳያውቅ ድንገት መጨረሻው ላይ ይደርሳል።

እናቴ ስትመለስ የተጎዳውን ቦታ በቀለም አመሳስዬ፣ ሳጥኑን በቫርኒሽ አብለጭልጬ ጠበቅኋት። ዞር ዞር ብላ አየችው። እንዳይከፋኝ «አምሮበታል» አለች። ቀጥላ ጎንበስ ብላ ላዩን በመዳፏ ዳሰሰችና «የስኒው ቦታስ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። አባቴን ስንት ዓመት የተቆጣችበትን ያንን ክብ፣ ዛሬ በዓይኗም በእጇም ፈለገችው፤ አጣችውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አሮጌ ነገር አያያዝ ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። በአንድ አሮጌ ዕቃ ላይ የምናየው ጉድለት ሁሉ ከሦስት ወገን አንዱ ነው እላለሁ። አንደኛው ከውጭ መጥቶ የተጫነበት ነው፤ ይህ ይነሣለት። ሁለተኛው ዕድሜውን የጨረሰ ክፍል ነው፤ ይህ ይተካለት። ሦስተኛው ኑሮ የጻፈበት ነው፤ ይህ ይተውለት። የመንከባከብ ጥበብ ሁሉ እነዚህን ሦስቱን መለየት ነው። የእኔ ጥፋት ሦስተኛውን ከአንደኛው መቁጠሬ ነው። የግራውን ስፒከር ያዳንኩት ይህን ከተማርኩ በኋላ ነውና፣ በእርሱ ላይ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሚነሣው። በእኛ አገር ቤት ውስጥ የቆየ እንጨት የሚለብሰው ተራ አቧራ ብቻ አይደለም። የቡና ጭስ አለ፣ ዕጣን አለ፣ ከሰል አለ፤ ይህ ሁሉ ሲደራረብ የሚያጣብቅ ቡናማ ንጣፍ ይሆናል። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ ከሆነ ደግሞ የጫማ ቀለም ይኖርበታል፤ መርካቶ ውስጥ ጥገቱን ለመሸፈን በሊስትሮ ቀለም የተወለወለ ስፒከር በዓይኔ አይቻለሁ። በነጭ ጨርቅ ሲያሹት ይለቃልና መለየት አያስቸግርም። ከመንካት በፊት ግን የተለበጠው እውነተኛ እንጨት መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ሐረጉ ያለ ማቋረጥ እንደ ወረቀት ከታጠፈ፣ ያ እንጨት መሳይ የፕላስቲክ ልጣፍ ነው፤ እርሱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል፣ ዘይትም ሰምም አይገባውም።

እውነተኛ እንጨት ከሆነ፣ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ሳሙና ጠብ አድርጎ፣ ጨርቁን ነክሮ፣ ውሃ እስከማይንጠባጠብ ድረስ ጨምቆ የእንጨቱን ሐረግ ተከትሎ መጥረግ ነው፤ ወዲያውም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ውሃ በልባሱ ስፌት ገብቶ ችፑዱን ካገኘው ችፑዱ ያብጣል፤ አንዴ ያበጠ ችፑድ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። በሳሙና የማይለቅ አሮጌ ሰምና የጫማ ቀለም ቢኖር፣ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ የሚሉትን ማቅጠኛ በጨርቅ ጫፍ ብቻ ነክሮ፣ በማይታይ ጎን ሞክሮ፣ አየር ባለበት ቦታ ማንሣት ይቻላል። ጨርቁ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ እንጂ እንጨቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ አይታሽም።

ቀጥሎ መመገብ ነው። ዘይት የጠጣ እንጨት ሲደርቅ ይገረጣል፤ ለዚህ የተልባ ዘይት የቆየ መድኃኒት ነው፤ ስስ ተቀብቶ፣ ያልጠጣው ትርፉ በጨርቅ ይነሣል። የምግብ ዘይት ግን አይሆንም፤ ሳይደርቅ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ፤ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ሲደርቅ በሚያመነጨው ሙቀት በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ደጅ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። ከዘይቱ በኋላ የንብ ሰም ይከተላል። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናትና ሰም አናጣም። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ክልክል ነው፤ በፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይቀልጣል፣ ከእሳት ርቆም ሁለትና ሦስት እጥፍ ተርፔንታይን ይጨመርበታል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል። ጥቂቱን ቀብቶ፣ ቆየት ብሎ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው።

ሰም እየቀባሁ ሳለ ሰምና ወርቅ ትዝ አለኝ። በቅኔ ትምህርታችን ሰሙ ቀልጦ ይወገዳል፣ የሚፈለገው ወርቁ ነው። እዚህ ግን ሰሙ ይቆያል፤ ያለ እርሱ ወርቁ ይደርቃል። ለካ ላዩን የሚንቅ ሰው ውስጡንም የሚያጣበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው የሚተካው ነው። ስፒከር አፉ በሾጣጣ ወረቀት የተሠራ ነው፤ በብዙዎቹም የወረቀቱን ዳር ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው የስፖንጅ ቀለበት ነው። ይህ ስፖንጅ በ15 ወይም በ20 ዓመት ውስጥ በአየርና በእርጥበት እየተበላ ይፈረፈራል። የእኛዎቹ ሲነኩ እንደ ሬንጅ በጣት ላይ ይቀሩ ነበር። ጎማ ወይም ጨርቅ የሆነው ቀለበት ረጅም ዕድሜ አለው። የተበላውን ስፖንጅ በጥንቃቄ ልጦ፣ በልኩ የተሠራ አዲስ ቀለበት በሙጫ መለጠፍ ይቻላል፤ የእኛው ቀለበት ከውጭ አገር በዘመድ እጅ መጣ፣ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝም ገጠመው። ወረቀቱ ግን ያው የጥንቱ ነው። ወረቀቱን በእርጥብ ጨርቅ አይነኩትም፤ በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር አቧራውን ማራገፍ ብቻ ነው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ትንሿን ደግሞ ጨርሶ አለመንካት ይሻላል።

ከጠጋኙ የተማርኩት አንድ ደስ የሚል ዘዴ አለ። 1.5 ቮልት የሆነ የባትሪ ድንጋይ ወስዶ ሁለቱን ሽቦዎች ለቅጽበት ያህል ብቻ ማስነካት ነው። የባትሪው ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ሲገናኝ ወረቀቱ ወደ ፊት ይወጣል። ሁለቱም ስፒከሮች ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ ሽቦው ተገልብጧል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ተራኪውም ከፊታችሁ ያለ ሳይሆን ከየት እንደሚናገር የማይታወቅ ይሆናል።

በመጨረሻ አቀማመጥ። ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳው ራቅ ማድረግ ይገባል። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ያዝላል፤ በበጋ ደግሞ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ የእንጨቱን ቀለም ይነጥቃል፣ ልባሱንም ያነሣል። ከኋላ ቀዳዳ ካለው አይጥ እንዳይገባበት ማየት ነው። የእናቶቻችን ዳንቴል ከአቧራም ከፀሐይም የሚከላከል ብልሃት እንደነበረ የገባኝ አሁን ነው። ብራና መጻሕፍቶቻችን የቆዳ ማኅደር ይሰፋላቸው የነበረው በዚሁ ምክንያት አይደል? የሚወዱት ነገር ልብስ ይሰፋለታል።

ሦስተኛው የሚተወው ነው። ስለ እርሱ ለማስረዳት ወደ ሸክላ ልውሰዳችሁ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፁን ባስቀረጸበት ዘመን፣ ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል፣ እስያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነፍሳት ከምታመነጨው ሙጫ ነበር። ያው ሙጫ በአልኮል ሲሟሟ የቤት ዕቃ ማብለጭለጫ ይሆናል። ድምፅ የሚቀረጽበትና እንጨት የሚወለወልበት ነገር አንድ ነበር ማለት ነው። ይሁንና ሸክላን ለማሳመር ብሎ በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው አታገኙም፤ ጭረቱ ውስጥ ድምፁ እንዳለ ሁሉም ያውቃልና። እንጨትም የራሱን ጭረት ሲይዝ እንዲሁ መሆኑን ግን እንረሳለን።

በሥነ ጥበባችን ላይም የምናደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ ማሳተም የጀመራቸው ሸክላዎች፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጃቸው «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እንደገና ሲሰሙ፣ ዓለምን ያስደነቁት የቀድሞ ድምፃቸውን ይዘው ስለወጡ ነው። ጥሩምባው ያው ጥሩምባ፣ ዘፋኙም ትንፋሹ የሚሰማው ያው ሰው ነበር። እኛ ደግሞ የድሮን ዘፈን «አደስነው» ብለን በአንድ ኪቦርድ ስናስጨፍረው፣ የድሮን ደራሲ መጽሐፍ እንደገና ስናሳትም ቃሉን ለዛሬ ጆሮ እናስተካክል ስንል፣ የአብያተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕል ደብዝዟል ብለን በዘይት ቀለም ስንደርብበት፣ የስኒውን ክብ እየፋቅን ነው። አቧራውን ጠርጉ፣ የተቀደደውን ገጽ ስፉ፣ የጠፋውን የታይፕ ስሕተት አርሙ፤ እሰየው ነው። ደራሲው በዘመኑ የተናገረበትን አንደበት ግን ተዉለት።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። «ኪስ የምትገባ ገመድ አልባ ስፒከር ባለችበት ዘመን ይህ ሁሉ ድካም የቦዘነ ሰው ሥራ ነው» ይላሉ። የቦዘነ ሰው ሥራ መሆኑን አልክድም። አሮጌ ሁሉ ይጠበቅ ማለቴም አይደለም፤ ችፑዱ በውሃ ያበጠ፣ ወረቀቱ የተቀደደ፣ ማንም ያልወደደው ሳጥን ቢጣል አላለቅስም። ደግሞም ምልክት ሁሉ ክቡር ነው ማለት ስንፍናን ቅዱስ ማድረግ ይሆናል፤ ጥቀርሻ ታሪክ አይደለም፣ ጥቀርሻ ነው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመፋቃችሁ በፊት ጠይቁ። ይህ ምልክት የማን ነው? እንዴት መጣ? የሚያውቀው ሰው በሕይወት ካለም እርሱን ጠይቁት። እኔ አንዲት ጥያቄ እናቴን ብጠይቃት ኖሮ ክቡ ዛሬም በቦታው ነበር።

አናጢው ጎረቤቴ በቀኙ ስፒከር ላይ የዋንዛ ልባስ ሊለጥፉልኝ ፈቃደኛ ነበሩ። እናቴን በዚህኛው ጊዜ ጠየቅኋት። «ተወው፣ አንተም እጅህን አሳርፈህበታል» አለችኝ። ቫርኒሹን አንሥተን፣ ባዶውን ቦታ ሰም ብቻ ቀባነው።

አሁን ትረካው በስልክ ይገኛል። ስልኩን በሽቦ ከአሮጌው ማጉያ ጋር አገናኝቼ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ የወጋየሁን ድምፅ ለቀቅሁት። እናቴ ጓዳ ገብታ ያንን የድሮ ዳንቴል ይዛ መጣች፤ አንድ ብቻ ነው የቀረው። የዳነው፣ የሚያምረው የግራው ስፒከር ስለሆነ ለእርሱ ታለብሰዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እርሷ ግን የቀኙን፣ እኔ የጎዳሁትን፣ ሸፈነችው። ከዚያ የቡና ስኒዋን በግራው ስፒከር ባዶ እንጨት ላይ አስቀመጠችና ወደ ትረካው ጆሮዋን አዘነበለች።

ዝም አልኩ። ስኒውን አላነሣሁትም።